በትንሽ ገንዘብ ፈጣን መኪና፦ ሌሎች የሠሩት፣ እኛ በአጠገቡ ያለፍነው ታሪክ

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ሲያሳውቅ ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋ ነበር። ቪትዝ ስንት ገባች? ቻርጅ ማድረጊያው የት ነው? መብራት ሲጠፋስ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን ብዙም ሳይነሳ አለፈ። በቤንዚንና በናፍጣ ሞተር ዙሪያ ከ80 ዓመት በላይ ያጠራቀምነው የጋራዥ ዕውቀት ዕጣው ምንድን ነው?

ዛሬ ይህን ጥያቄ ባልተለመደ መንገድ ላንሳው። ስለ ስፖርት መኪና እናውራ። ፌራሪና ላምቦርጊኒ የሚባሉትን አይደለም የምለው። በመጠነኛ ገንዘብ፣ ከተራ መኪና ተነስቶ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ፈጣን የሆነ፣ ግን ሰኞ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና ነው የምለው። በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ ብዙ የስፖርት መኪና አምራቾች የተነሱት ከዚህ ነው። የገረመኝ ደግሞ እነሱ የተነሱባቸው ተራ መኪኖች አንድ በአንድ በእኛም አስፋልት ላይ ማለፋቸው ነው። ታዲያ ለምን እነሱ ሠሩ፣ እኛ አልሠራንም?

*ሁሉም የጀመረው በችግር ነው*

በ1948 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ አንድ ቡድን የስፖርት መኪና መሥራት ፈለገ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ብረት የለም፣ ገንዘብ የለም። የነበረው ቮልስዋገን ነው፤ እኛ ቮልስ የምንላት። ሞተሯን፣ መሪዋን፣ ፍሬኗን፣ የፊት እግሯን ወሰዱ። ባለ 1131 ሲሲ ሞተሩን ከ25 ወደ 35 የፈረስ ጉልበት አሳደጉት። ላዩን ቀላል የአሉሚኒየም አካል አለበሱት። ጠቅላላ ክብደቱ 585 ኪሎ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ሆነ። የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 ይህች ናት።

ቁጥሩን ልብ በሉት። የተጨመረው ጉልበት 10 ፈረስ ብቻ ነው። በተራዋ ቮልስ እያንዳንዱ ፈረስ ከ28 ኪሎ በላይ ይጎትታል፤ በዚህችኛዋ 17 ኪሎ ገደማ። ፍጥነቱ የመጣው ሞተሩን ከማሳደግ ብቻ ሳይሆን ሸክሙን ከመቀነስም ነው። ርካሹ መንገድም ይኸው ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ላብ እንጂ ብዙ ዶላር አይጠይቅም።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ኮሊን ቻፕማን የሚባል የምህንድስና ተማሪ በ1928 የተሠራች አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ይዞ መኖሪያ ቤት ውስጥ ባለ ጋራዥ መኪና ሠራ። ስሟን ሎተስ አላት። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ካርሎ አባርት በ1955 የወጣችውን ፊያት 600 ወሰደ። ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ጉልበቷ 21.5 ፈረስ ነበር። ወደ 747 ሲሲ አስፍቶ ጉልበቷን በእጥፍ ገደማ ከፍ አደረገው። የሠራተኛ ቤተሰብ መኪና የነበረችው ሜዳ ላይ ትላልቆቹን ማስጨነቅ ጀመረች።

አራተኛዋ ሚኒ ናት። በ1959 ስትወጣ 848 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት የቤንዚን ቆጣቢ ነበረች። በ1961 ጆን ኩፐር ወደ 997 ሲሲና 55 ፈረስ አሳደጋት። ጉልበቷ ሲጨምር ግን የፊት ፍሬኗም አብሮ ወደ ዲስክ ተቀየረ። ሚኒ ኩፐር በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈች። ጉልበት ሲጨመር ፍሬን አብሮ ይጨመራል፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

*በእኛ አስፋልት ያለፈው*

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የመጀመሪያው በሞተር የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ አገራችን የገባው በ1896 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያመጣው፣ ሕዝቡ "የሰርኪስ ባቡር" ያለው የእንፋሎት መዳመጫ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ሲድሊ የምትባል መኪና እየነዳ፣ መንገድ ባልነበረበት ምድር ወራት ፈጅቶ አዲስ አበባ ገባ፤ መኪናዋንም ለአፄ ምኒልክ አስረከበ።

ይህ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። የጋራዥ ታሪካችን የሚጀምረው ከጣሊያን ነው። ማስረጃው ቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል። ጎማ የሚለጥፈውን ጎሚስታ እንለዋለን። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ቶርኖ፣ ፍሬን እንላለን። ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ካሚዮኖቹና የጥገናው ሙያ ግን እዚሁ ቀሩ። አጠገባቸው ቁልፍ ሲያቀብሉ የነበሩ ወጣቶች ሙያውን ወረሱ፤ እነሱም ለልጆቻቸውና ለረዳቶቻቸው አስተላለፉት። ዛሬ ሀዋሳ ላይ ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ ካምቢዮ የሚያወርድ ልጅ፣ ሳያውቀው የዚያ ሰንሰለት ጫፍ ነው።

ቀጥሎ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሴቼንቶ መጣች፤ የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው። አባርት ያሳደጋት ፊያት 600 ማለት ይህችው ናት። ከዚያ ቮልስ መጣች። የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሆነች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ሲያወጣ የጫናቸው በቮልስ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን ቀን ብዙ ሰው ያየው የንጉሡን ውርደት ነው። የፖርሽ እናት የሆነችው መኪና የታሪካችን መታጠፊያ ላይ መቆሟ ግን የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ያስገርማል።

ከደርግ ጋር ላዳ ገባች። ላዳ የሶቪየቶች ትመስላለች እንጂ ሥሯ ፊያት 124 ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠችው። ሶቪየቶች ፈቃዱን ገዝተው በ1970 ቶልያቲ ከተማ ላይ ማምረት ሲጀምሩ ለመጥፎ መንገድ ብለው ላሜራውን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በከበሮ ተኩት። ከበደች፣ ግን የማትሞት ሆነች። በምሥራቅ አውሮፓ ወጣቶች ይህችኑ መኪና ለራሊ አዘጋጅተው ለብዙ ዓመታት ተወዳደሩባት።

በመጨረሻም ቶዮታ ኮሮላ መጣች፤ እኛ "ዲኤክስ" የምንላት። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲኤክስ በኋላ እግሯ የምትነዳ ቀላል መኪና ናት። በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣችውና እስከ ዛሬ በውድድር አፍቃሪዎች ዘንድ የምትመለከው ኤኢ86 ኮሮላ የእሷው የቅርብ ዘመድ ናት፤ ልዩነቱ ባለ 1587 ሲሲው ሞተርና የተስተካከለው እግሯ ነው። ዛሬ አንድ ጃፓናዊ ወይም አውስትራሊያዊ ወጣት አሮጌ ዲኤክስ ቢያገኝ ልቡ ይመታል። እኛ ዘንድ አትክልት ትጭናለች። መጫኗ ነውር አይደለም፤ ያላየነው ነገር እንዳለ ግን ያሳያል።

*ጎረቤት ሲሮጥ*

"ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው" የሚል ይኖራል። ናይሮቢን እንመልከት። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ መጀመሪያ ላይ መኪኖችን የመደበው በሞተር መጠን ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነበር። ርካሽ ከርካሽ፣ ውድ ከውድ ጋር ይወዳደር ማለት ነው። በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ራሊውን ያሸነፈችው ቮልስ ናት። ትላልቆቹ ጭቃ ውስጥ ሲቀሩ እሷ ቀላል ስለሆነች፣ ሞተሯም ከኋላ ተቀምጦ የሚነዳውን እግር ስለሚጫነው አልፋ ትሄድ ነበር። አሸናፊዎቹ አብዛኞቹ ሰፋሪ ነጮች እንደነበሩ አይካድም። በኋላ ግን ጆጊንደር ሲንግ የሚባለው ኬንያዊ መካኒክና ሾፌር ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ውድድሩ የሾፌርና የመካኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖረ፤ ዛሬም የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ነው።

በእኛም አገር በንጉሡ ዘመን የሃይላንድ ራሊ ይካሄድ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ መኪና የቡርዣ ምልክት ሆነ፤ ውድድሩም ቆመ። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታትም መኪናን በአንድ ዓይን ብቻ አዩት፤ የቀረጥ ምንጭ አድርገው።

*ሞተራችንን የመረጠልን ቀረጥ*

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የኤክሳይዝ አዋጅ መኪናን በሲሲ ይከፍል ነበር። እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በዚህ ላይ 35 በመቶ ጉምሩክ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ። አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ነው የሚሰላው። ሒሳቡን ብንሠራው ወደብ ላይ 100 ብር የሚያወጣ ባለ 1300 መኪና 222 ብር ገደማ ይሆናል፤ ባለ 1600ው 273፤ ከ1800 በላይ የሆነው 341 ይደርሳል።

መንገዶቻችን ላይ ለምን ባለ 1.3 ሞተር እንደሞላ አሁን ግልጽ ነው። ኮሮላዋ 1295 ሲሲ፣ ዲኤክሷ 1290 ሲሲ፣ ቪትዝና ያሪሷም ከ1300 ጥቂት ዝቅ ያሉ። የመረጥናቸው መሰለን እንጂ የመረጠልን አዋጁ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ዕድሜን ጨመረበት፤ ለአሮጌና ትልቅ ሞተር ላላቸው ያገለገሉ መኪኖች ኤክሳይዙ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። የአየር ብክለትን ለመቀነስ የታሰበ ነው፤ ዓላማውን አልቃወምም። ውጤቱ ግን የ20 ዓመት መኪና እንደ መሬት ዋጋው የሚጨምርባት አገር ሆነች። መኪና የሀብት ማቆያ በሆነበት አገር ማን ደፍሮ ፈታትቶ ይሞክራል?

እንግሊዞች ዘንድ ቀረጥ የሠራውን ተቃራኒ ሥራ ተመልከቱ። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ታክስ ነበር። ነገር ግን መኪናው ተፈታቶ በክፍሎቹ ከተሸጠና ገዢው ራሱ ከገጠመው ታክሱ አይመለከተውም። ቻፕማን በ1957 ሎተስ ሰቨንን ያወጣው በዚህ ቀዳዳ ነው። መምህራን፣ ቴክኒሻኖች፣ ተማሪዎች መኪናቸውን ጓሯቸው ውስጥ ገጠሙ። በ1973 ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ ጥቅሙ ቀረ፤ እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ሙሉ ትውልድ በእጁ ሠርቶ ተምሮ ነበር። የእንግሊዝ የውድድር መኪና ኢንዱስትሪ ዛሬ ለዓለም የሚሸጠው የምህንድስና ዕውቀት ከዚያ ጓሮ ጋር ዝምድና አለው። በኋላም መንግሥታቸው በር አልዘጋም፤ አንድ ሰው ለብቻው የሠራት መኪና በፍሬኗ፣ በመብራቷ፣ በመሪዋ፣ በጭሷ ተፈትሻ ካለፈች ታርጋ የምታገኝበት ሥርዓት ዘረጋ።

እኛ ዘንድ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር አለ፤ ከዚያ ያለፈ ለውጥ ራስ ምታት ነው። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ የተሰረቀ መኪና ገበያ ይሆናል። የጎደለው በሕጋዊ መንገድ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው የሚያንኳኳው በር ነው።

*በሀዋሳ ቢሠራስ?*

እስኪ በእኛ ከተማ እናስበው። ሀዋሳ ለጥ ያለች ናት። መንገዷ ሰፊ ነው፤ ግን ባጃጅ፣ ብስክሌት፣ ሞተርና እግረኛ ይጋሩታል፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውም በየአቅጣጫው ነው። ስለዚህ መሬት የምትልስ መኪና እዚህ አትሆንም። ከፍ ያለች፣ ስትታጠፍ ግን የማትወላውል መሆን አለባት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ወደ አንድ በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። ፋብሪካው 130 ፈረስ ብሎ የጻፈበት ሞተር ሀዋሳ ላይ 108፣ አዲስ አበባ ላይ 100 ገደማ ነው። ብዙ ብር ከፍለን ያስገባነውን ጉልበት አየሩ ይቀንስብናል ማለት ነው። ከፍታ የማይነካው ግን የክብደት ቅነሳ ነው፤ ከመኪናዋ ላይ የወረደ 100 ኪሎ ሀዋሳም ሆነ አዲስ አበባ ያው 100 ኪሎ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አካሉ ዝገቱ ያልበላው መሆኑን ማረጋገጥ። ቀጥሎ ፍሬን፤ ሸራው፣ ቱቦው፣ ዘይቱ፣ ቢቻል ከፍ ካለው ሞዴል የተወሰደ ዲስክ። ከዚያ ጥሩ ጎማ፤ በመኪናዋና በመሬቱ መካከል ያለው አራት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናትና። ከዚያ አሞርዛተርና የእግር ጎማዎቹ። ከዚያ የማያስፈልግ ክብደት ማውረድ። ሞተር መጨረሻ ነው። የእኛ ልጆች ግን ከማርሚታ ነው የሚጀምሩት፤ ድምፁ ስለሚሰማ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናዋን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው። ማርሚታ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ኩፐር በ1961 ያወቀው ነገር ይኸው ነው።

*"ሰው እየሞተ ስለ ፍጥነት?"*

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መኪና የሌላቸው እግረኞች ናቸው። በዚህ አገር ስለ ፈጣን መኪና መጻፍ ቅንጦት፣ ብሎም ኃላፊነት የጎደለው ሊመስል ይችላል።

መልሴ ይህ ነው። ወጣቱ አሁንም ይሮጣል። ሌሊት ላይ ባዶ መንገድ ያገኘ ልጅ፣ ፍሬኑ በተበላ መኪና፣ ያለ ቀበቶ፣ ባልሠለጠነ እጅ ይሮጣል። እኛ ዝም ስላልን አይቆምም። የመወዳደሪያ ሜዳ ያላቸው አገሮች የተማሩት ፍጥነትን የሚወድ ሰው ሄዶ የሚያወጣበት፣ ከመግባቱ በፊት መኪናው የሚፈተሽበት፣ ራስ ቁር የሚገደድበት ቦታ ካለ መንገዱ ላይ የሚሞክርበት ምክንያት እንደሚቀንስ ነው። መኪናውን በእጁ የሠራ ሰው ደግሞ የቱ ጋ እንደምትሰበር ያውቃል። የፍሬን ሸራ ውፍረት በዓይኑ የለካ ልጅ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነፃ አድርጎ አይለቃትም።

*አሁን ምን ቀረን?*

የኤሌክትሪኩ ውሳኔ ይህን ታሪክ የሚዘጋው ይመስላል። እኔ ግን ሁለት ገጽ አየዋለሁ።

አንደኛው ስጋት ነው። ከአሁን በኋላ አዲስ የቤንዚን መኪና ስለማይገባ ያሉት ያረጃሉ፤ ቶርኖ ቤቱና ሞተር አውራጁ ቀስ በቀስ ሥራ ይፈታል። የሚገቡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በኮምፒውተር የተቆለፉ ናቸው። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ የመጣው ሰንሰለት በአንድ ትውልድ ሊበጠስ ይችላል። የሚጎዱት የስፖርት መኪና ወዳጆች አይደሉም፤ በየከተማው በዚህ ሙያ እንጀራ የሚበሉ ቤተሰቦች ናቸው።

ሁለተኛው ዕድል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ከፍታ አይሰርቀውም። በደጋ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ አጋር ኩባንያ ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስን በ60 ኪሎ ዋት ሞተርና በ36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ አሳይቷል። 60 ኪሎ ዋት ማለት ከ80 ፈረስ በላይ ነው፤ የመጀመሪያዋ ፖርሽ ከነበራት ከሁለት እጥፍ በላይ። የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ባትሪ አሮጌ ቮልስ ወይም ዲኤክስ ውስጥ የሚገባበት ቀን ሩቅ አይደለም። ጥያቄው በዕውቀትና በፍተሻ ይገባል ወይስ በድብቅና በአደገኛ ሁኔታ የሚለው ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ እንደ ካርቦራተር ተሳስቶ የሚታረም አይደለም፤ ይገድላል።

ሦስት ነገር ቢደረግ ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ አንድ ሰው የቀየራት ወይም የሠራት መኪና ለብቻዋ ተፈትሻ ሕጋዊ የምትሆንበት አሠራር። ሁለተኛ፣ ከተሞች በዓመት ጥቂት ቀናት የተዘጋ ቦታ ለሞተር ስፖርት ማኅበራት መፍቀድ። ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ውድድር። አሜሪካኖች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎች አነስተኛ የውድድር መኪና ራሳቸው ሠርተው የሚወዳደሩበትን ፎርሙላ ኤስኤኢ ጀመሩ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ነጥብ የሚሰጠው ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለዲዛይንና ለወጪ ሒሳብም ነው። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪና የከተማችን ጋራዥ መካኒክ በአንድ ቡድን ሆነው በባጃጅ ሞተር ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር አንዲት ትንሽ መኪና ቢሠሩ ወጪው ከአንድ ያገለገለ ቪትዝ ዋጋ አይበልጥም። አንዱ ቀመሩን ያውቃል፣ ሌላው ብረቱን፤ እስካሁን ተገናኝተው አያውቁም።

ግሙንድ ላይ የነበሩት ሰዎች ከእኛ የተሻለ ብረት አልነበራቸውም። የነበራቸው ቮልስ፣ መዶሻና የሚሞክሩበት ነፃነት ነው። ቮልሱም መዶሻውም እኛም ዘንድ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ሦስተኛው ግን ከአዋጅና ከመመሪያ የሚመጣ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩና በዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል የምታስተምሩ፣ ሐሳባችሁን ከታች አስቀምጡ።

ቸር ያሰንብተን!
ከሀዋሳ